ለሌሊት ሰማይ ፎቶግራፍ የትኛውን ቦታ እንምረጥ? ከአዲስ አበባ ሰገነት እስከ ሳነቴ አምባ

ካሜራና ትራይፖድ ይዞ የሌሊቱን ሰማይ ለማንሣት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከኢትዮጵያ ምርጡ ቦታ የት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ገና አልተሟላም፤ ለጁፒተር የተመቸ ሰገነት ለፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) የማይረባ፣ በጥር ወር ወደር የሌለው ተራራ በሐምሌ በጉም የተዋጠ፣ ለሰሜኑ ሰማይ የተከፈተ ገደል ለደቡቡ ሰማይ የተዘጋ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከዚህ በታች ቦታዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ አልደረድራቸውም። ይልቁንም እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄዎች አስመዝነዋለሁ፦ ምን ልናነሣ ነው? በየትኛው ወር? የምናነሣውስ ነገር በየትኛው አቅጣጫ ይቆማል? ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ነዳጅና ብዙ እንቅልፍ ሲባክን ያየሁትም አቅጣጫን ባለማሰብ ምክንያት ነው።

የጠራ ሰማይ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በተለምዶ «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል» የምንለው ደመና በሌለበት ሌሊት ነው። ለካሜራ ግን የደመና አለመኖር ብቻውን አይበቃም፤ ተለያይተው ሊመዘኑ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጨለማ ነው። ጆን ቦርትል የተባለው አሜሪካዊ የሰማይ ተመልካች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መለኪያ ለፍጹም ጨለማ ሰማይ 1፣ ለትልቅ ከተማ መሀል ደግሞ 9 ቁጥርን ይሰጣል፤ የብርሃን ብክለት ካርታዎችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ደረጃ ይጠቀማሉ። ሁለተኛው የአየሩ ጥራት ነው፤ አቧራ፣ ጭስና እርጥበት ከኮከቡ ብርሃን ምን ያህሉን በመንገድ ላይ እንደሚያስቀሩ የሚገልጽ ነው። ሦስተኛው የአየሩ እርጋታ ነው። ሙቀታቸው የተለያየ የአየር ንብርብሮች እርስ በርስ ሲናወጡ በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ ኮከብ ብልጭ ድርግም ሲል የምናየውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

እነዚህ ሦስቱ አብረው የሚመጡበት ሌሊት ጥቂት ነው። ዝናብ አጥቦት ነፋስ የጠረገው ሌሊት እጅግ የጠራ ሆኖ ሳለ አየሩ ይታወክና የሳተርን ቀለበት በቴሌስኮፕ ውስጥ እንደ ውሃ ሥር ሳንቲም ሲወዛወዝ ይታያል። በተቃራኒው ስስ ጭጋግ የረጋበትና ቅጠል የማይነቃነቅበት ሌሊት ለጋላክሲ የማይሆን፣ ለፕላኔት ግን ግሩም ሊሆን ይችላል። ጋላክሲ፣ ኔቡላ (በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) እና ፍኖተ ሐሊብን የሚያነሣ ሰው ጨለማና ጥራትን ይፈልግ፤ ጨረቃንና ፕላኔቶችን የሚያነሣ ሰው እርጋታን ይፈልግ። ይህን መለየት ብቻውን ለብዙዎች ሩቅ ጉዞን ያስቀርላቸዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ስሌት አለ። በቀጥታ ከራሳችን በላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ የሚያልፍበትን የአየር መጠን 1 ብንለው፣ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ያለ ኮከብ ብርሃኑ 2 እጥፍ፣ 10 ዲግሪ ላይ ያለው ደግሞ 5 እጥፍ ተኩል ያህል አየር ያቋርጣል። ስለዚህ ወደ አድማስ የቀረበ ነገር ይደበዝዛል፣ ይቀላል፣ ይንቀጠቀጣል። ከፍታ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ በ3,200 ሜትር ላይ ከራሳችን በላይ የሚቀረው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ሲሆን፣ በ4,000 ሜትር ላይ ከ60 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ነው። አቧራና እርጥበት በአብዛኛው በታችኛው አየር ውስጥ ስለሚሰፍሩም ደጋ የሚወጣ ሰው ከአየሩ አንድ ሦስተኛውን፣ ከቆሻሻው ደግሞ ከዚያ የሚበልጠውን ከእግሩ በታች ይተዋል።

የኢትዮጵያ ሰማይ ምን የተለየ ነገር አለው?

አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ከአዲስ አበባ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ሲታይ፣ በአውሮፓ ያለ ሰው ፈጽሞ የማያያቸው የደቡብ መስቀል የተባለው ኅብረ ኮከብ፣ የካሪና ኔቡላና ታላቁ የማጄላን ደመና (ደመና ቢባልም ጎረቤት ጋላክሲ ነው) ለእኛ በየዓመቱ ይወጣሉ። የፍኖተ ሐሊብ እምብርት፣ ማለትም ደማቁ መሀሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ እስከ 52 ዲግሪ ይደርሳል። ፕላኔቶችም ቢሆኑ ከፍተኛ ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ከ55 ዲግሪ በታች አይሆኑም፤ ለንደን ያለ ተመልካች ሳተርንን ወይም ማርስን በአንዳንድ ዓመታት ከቤቶች ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲፈልገው፣ የእኛ ተመልካች ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ጸጋ ነው።

ጸጋው ግን ግዴታም ያመጣል። ውድ የሆኑት የሰማያችን ነገሮች በደቡብ፣ ያውም ብዙዎቹ በዝቅታ ስለሚገኙ፣ የቦታ ምርጫችን ሁሉ በደቡቡ አድማስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የደቡብ መስቀል ከባሌ ሲታይ እስከ 23 ዲግሪ፣ ከአዲስ አበባ 21፣ ከስሜን ተራሮች 17 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ከላይ ባየነው ስሌት ሲታሰብ በ23 ዲግሪ 2 እጥፍ ተኩል አየር፣ በ17 ዲግሪ ደግሞ ከ3 እጥፍ በላይ አየር ማለት ነው። ታላቁ የማጄላን ደመና በባሌ 13 ዲግሪ ሲደርስ በስሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሚቀር ከፊት ያለ አንድ ኮረብታ ብቻ ይበቃል ሊሰውረው።

ወቅት፤ ከቦታ የሚቀድም ምርጫ

የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በሰኔና በሐምሌ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በደጋው የክረምት ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ይህን መጋጨት የሚያስታርቅ ቦታ በደጋው ውስጥ የለም። ስለዚህ እምብርቱን የሚፈልግ ሰው ሁለት መስኮቶች አሉት። አንደኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሆኖም የበልግ ደመና፣ የአቧራና የእርሻ ጭስ ጭጋግ ይፈትነዋል። ሁለተኛው ጥቅምት ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ጨለማው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሞላ እምብርቱ በደቡብ ምዕራብ ከ35 ዲግሪ በላይ ላይ ይገኛል፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስም ለካሜራ ይመቻል። ጊዜው አጭር ቢሆንም ክረምቱ አየሩን አጥቦት የሚሄድበት፣ አቧራው ገና ያልተነሣበት ወር ስለሆነ እኔ ከሁለቱ ጥቅምትን እመርጣለሁ። የአንድ ሰዓት የጠራ አየርን የሦስት ሰዓት የደፈረሰ አየር አይተካውም።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው በጋ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው። የኦሪዮን ኔቡላ ከራስ በላይ ሊባል በሚችል ቦታ ያልፋል፤ ፕሌያዲስ የተባለው የኮከቦች ክምችትና አንድሮሜዳ ጋላክሲም ከፍ ብለው ይታያሉ። ሌሊቶቹም በዓመት ውስጥ ብዙ አይለዋወጡምና ፀሐይ ከጠለቀች ከ70 ደቂቃ ጥቂት በኋላ ሙሉ ጨለማ ይሆናል። የሰሜን አውሮፓ ነዋሪ በበጋቸው ለሳምንታት ሙሉ ጨለማ እንደማያይ ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ጨረቃ አንድ ነገር ልጨምር። ጨረቃ ያለችበት ሌሊት የትኛውንም ጨለማ ቦታ ከከተማ ዳርቻ የማይሻል ያደርገዋል። ወሮቻችን 30 ቀን፣ የጨረቃ ዑደት ደግሞ 29 ቀን ተኩል ያህል በመሆኑ አዲስ ጨረቃ የምትወልድበት ቀን በየወሩ በግማሽ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በኅዳር 20 ከወለደች በታኅሣሥ 19 ወይም 20፣ በጥርም 19 አካባቢ እንጠብቃታለን። በአበቅቴ የጨረቃን ዕድሜ ያሰሉ የነበሩ ሊቃውንት ያቆዩልን የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ባልተናነሰ ይመቻል።

የአዲስ አበባ ሰገነት

የከተማው ብርሃን ለጋላክሲና ለፍኖተ ሐሊብ አያስተርፍም። ነጭ የኤልኢዲ መንገድ መብራቶች ከበዙ ወዲህ ሁኔታው ብሷል፤ ሰማያዊ ብርሃን ከቀይና ከብርቱካናማው ይልቅ በአየር ውስጥ በቀላሉ ስለሚበተን የድሮው ቢጫ የሶዲየም መብራት ካደረሰው የከፋ የሰማይ ጉዳት ያደርሳል። የሶዲየሙን ብርሃን ለማጣራት የተሠሩ አሮጌ ፊልተሮችም ነጩን መብራት ማስቀረት አይችሉም። በዚህ ላይ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ የቀዘቀዘው አየር ከሞቀው አየር ሥር ይታሰርና የከሰልና የማገዶ ጭስን፣ የመኪና ጭስንም ከከተማው ላይ እንዳይወጣ ያግደዋል።

ይህም ሆኖ ሰገነትን አልንቅም። ጨረቃ፣ ጁፒተር፣ ሳተርንና ማርስ የከተማ ብርሃን ግድ የላቸውም፤ የሚጠይቁት እርጋታ ብቻ ነው። እርጋታውን የሚያበላሸው ደግሞ በአብዛኛው ሩቅ ያለው አየር ሳይሆን የቅርቡ ነው፤ ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የኮንክሪት ወለል ሙቀቱን እስከ እኩለ ሌሊት ሲተነፍስ ይቆያል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከአንድ ሰዓት በፊት አውጥቶ ከውጭው አየር ጋር ማስተካከል፣ በጎረቤት ጣሪያ ወይም በጭስ ማውጫ ላይ የሚያልፍ ዒላማን መተው፣ ከተቻለም ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ መሥራት ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት የቪዲዮ ቀረጻ አድርጎ ከብዙ ሺህ ምስሎች ውስጥ የረጉትን ብቻ መርጦ ማደራረብ ከሰገነት ላይ እጅግ የሚያኮራ የጁፒተር ምስል ያስገኛል። ለዚህ ሥራ ወደ ባሌ መሄድ ትርፍ ድካም ነው፤ በነፋሻ አምባ ላይ ምስሉ ከሰገነቱ ሊብስም ይችላል።

እንጦጦና ከከተማው በስተሰሜን ያሉ ከፍታዎች

በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉበት የምርምር ጣቢያ በ2007 ዓ.ም. ስለተከፈተ ብዙ ሰዎች እንጦጦ ለአማተርም ምርጥ ቦታ ይመስላቸዋል። ጣቢያው ለትምህርትና ለምርምር ከከተማው መቅረቡ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ ነገር ግን ለአማተር ካሜራ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ከእንጦጦ ሲታይ አዲስ አበባ በሙሉ በደቡብ ናት። የደቡብ መስቀልም፣ የካሪና ኔቡላም፣ የፍኖተ ሐሊብ እምብርትም የሚያልፉት በዚያው ብርሃን በሞላበት ሰማይ ነው።

ከዚህም ዘልቆ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወጣ ሰው ከተማውን ከጀርባው ትቶ የሄደ ይመስለዋል። ዒላማው አንድሮሜዳ ወይም በሰሜን ኮከብ ዙሪያ የሚሽከረከሩ የከዋክብት ዱካዎች ከሆኑ ልክ ነው፤ ዒላማው ደቡብ ከሆነ ግን የሸሸውን ብርሃን ፊት ለፊቱ አስቀምጦታል። እኔም በአንድ የሚያዝያ ሌሊት ከሰሜን ሸዋ መንገድ ዳር ለአራት ሰዓት ያህል ቆሜ ያነሣኋቸው ምስሎች ሁሉ ከታችኛው ጥግ ብርቱካናማ ሆነው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ካርታ ላይ ጣቴን ሳላደርግ ከቤት አልወጣም።

የከተማ ብርሃን ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ የሚገልጽ ጠቃሚ ሕግ አለ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሰማይ ፍካቱ ከ5 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ከ30 ኪሎ ሜትር ወደ 60 መሄድ ብዙ ይለውጣል፤ ከ60 ወደ 120 መሄድም እንዲሁ። ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ሰው ግን አሁንም በብርሃኑ ጉልላት ሥር ነው። ስለዚህ ከከተማ የሚወጣ ሰው በቀጥታ ቢያንስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም ዒላማው ወዳለበት አቅጣጫ እንዲሄድ እመክራለሁ። ወደ ዒላማው ሲሄድ ከተማው ከኋላው ይቀራል።

ላንጋኖና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,600 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። ከላይ በተናገርኩት ምክንያት ትልቁ ብርታቱ አቅጣጫው ነው፤ የአዲስ አበባ ብርሃን በሰሜን ሩቅ ይቀራል። በደቡብ ሻሸመኔና ሐዋሳ ያላቸው ፍካት ከአድማስ ጋር ተጣብቆ ይታያል እንጂ እስከ ደቡብ መስቀል ከፍታ አይደርስም። ማደሪያ አለ፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ አይበርድም፣ ቤተሰብን ይዞ መሄድም ይቻላል። የሐይቅ ውሃ ሙቀቱን በዝግታ የሚለቅ በመሆኑም በዳርቻው ያለው አየር በንጹሕ ሌሊት የተረጋጋ ይሆናል።

ጉዳቱ በአየር ጥራት ላይ ነው። ሸለቆው ዝቅ ያለ፣ አቧራማ፣ በሐይቆቹም ምክንያት እርጥበት ያለበት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ጭጋጉ ከአድማስ እስከ 15 ዲግሪ ያለውን ሰማይ ግራጫ ሲያደርገው ይታያል። ከእኩለ ሌሊት በኋላም ጤዛ ሌንሱን ይሸፍናል፤ ብዙ ጀማሪዎች ምስሉ ለምን እየደበዘዘ እንደሄደ የሚያውቁት ቤት ገብተው በኮምፒውተር ሲያዩት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከፓወር ባንክ ኃይል የምትወስድ ማሞቂያ ማሰሪያ በሌንሱ ዙሪያ መጠምጠም፣ እሷ ከሌለችም ረጅም የሌንስ ጥላ መጠቀምና በየ20 ደቂቃው ሌንሱን በባትሪ እያበሩ መመልከት። ጤዛውን በጨርቅ መጥረግ ግን አይገባም፤ አቧራ ከተቀላቀለበት መስተዋቱን ይጭረዋል።

በተጨማሪ ማደሪያዎቹ የግቢ መብራታቸውን ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያበሩ መታወቅ አለበት። ከመያዝ በፊት ስልክ ደውሎ «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በዳርቻው ያለውን መብራት ልታጠፉልኝ ትችላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ምክንያቱን ሲረዱ ብዙዎቹ በደስታ ይተባበራሉ።

የስሜን ተራሮች

በፓርኩ ውስጥ ካሉት የማደሪያ ካምፖች ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ናቸው። ጨለማውም ጥራቱም ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ የስሜን ታላቁ ገደል የሚመለከተው ወደ ሰሜን ነው፤ ስለዚህ ከገደሉ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያነሣ ሰው የሰሜኑ ሰማይ ተዘርግቶ ሲቀበለው፣ የደቡቡ አድማስ ግን ከኋላው ባሉት ከፍታዎች ይታጠራል። የከዋክብት ዱካ ከገደል ጋር ለሚፈልግ ሰው በአገሪቱ ውስጥ የሚተካከለው የለም። ለደቡብ መስቀል ግን መጀመሪያ የምመርጠው ቦታ አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ሳይዙ መንቀሳቀስ አይፈቀድም፤ ጉዞ ከማቀድ በፊትም የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከቦታው ሰዎች ማጣራት ግድ ነው።

ሳነቴ አምባ

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው ሳነቴ በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሰፊ አምባ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ያልፋል፤ በመኪና የሚደረስበት፣ ይህን ያህል ከፍ ያለና እንዲህ የተከፈተ ሌላ ቦታ በአገራችን አላውቅም። ለእኔ ግን ከከፍታው የሚበልጠው የደቡቡ አድማስ ነው። የጎባና የሮቤ ብርሃን በሰሜን ይቀራል፤ በደቡብ በኩል አምባው ወደ ሐረና ደን በድንገት ስለሚወርድ ተመልካቹ ከፊቱ ያለው ደን፣ ከደኑ ባሻገርም መብራት የሳሳበት ቆላ ነው። ከ4,000 ሜትር ላይ ወደ ታች በሚመለከት ሰው ዐይን አድማሱ ከወትሮው ዝቅ ይላል። የደቡብ መስቀል ከፍ ብሎ፣ የማጄላን ደመና ደግሞ ያለ ከልካይ የሚታየው በዚህ ቦታ ነው።

በሳነቴ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፍ ሰው ሁለት ነገሮች ሊያስደነግጡት ይችላሉ። አንደኛው ከመሸ በኋላ በምዕራብ፣ ከንጋት በፊትም በምሥራቅ እንደ ሾጣጣ ድንኳን ቀጥ ብሎ የሚቆም ፈዛዛ ብርሃን ነው፤ ይህ በፕላኔቶች መካከል ካለ አቧራ ላይ የሚንጸባረቅ የፀሐይ ብርሃን ነው፣ የፕላኔቶች ጎዳናም በእኛ አቅራቢያ ወደ አድማስ በአቀባዊ ስለሚወርድ ከሌሎች አገሮች በተሻለ ይታየናል። ሁለተኛው በምስሉ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ፍካት ነው፤ የካሜራው ጉድለት ወይም የከተማ ብርሃን ሳይሆን የላይኛው አየር ራሱ የሚያመነጨው ብርሃን ነው።

ችግሩም በልኩ ነው። የባሌ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ አመቺው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ለፍኖተ ሐሊብ እምብርት ጥቅምትን የመረጠ ሰው እዚህ ሊከስር ይችላል። ከሐረና የሚነሣ ጉም ከሰዓት በኋላ የአምባውን ደቡባዊ ጠርዝ ይሸፍናል፤ አንዳንዴ ሲመሽ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ያድራል፣ ስለዚህ ከጠርዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቆም ይሻላል። ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ውርጩ ትራይፖዱ ላይ ይጋገራል፣ ባትሪ በግማሽ ጊዜ ያልቃል። መለዋወጫ ባትሪዎችን በካፖርት ውስጥ ከደረት አጠገብ መያዝ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን እዚህ ከፍታ ላይ ማደር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ሌሊት ጎባ ወይም ዲንሾ ማሳለፍ ብልህነት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ አምባው ከምድር ላይ በጥቂት መቶዎች ብቻ የቀረው የቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያ ነው። ሌሊት መኪና አለማሽከርከር፣ ነጭ ባትሪ ትቶ ቀይ መብራት መጠቀም፣ ከመንገዱ ርቆ ሣሩን አለመርገጥ ለምስሉ ብቻ ሳይሆን ለእንስሳው ሲባል መጠበቅ ያለበት ነው።

አፋር

ዳሎልና የአሳሌ ሐይቅ ያሉበት የጨው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። ደመና እምብዛም የለም፣ ጨለማው ጥልቅ ነው፣ በውሃ የተሸፈነው የጨው ሜዳ ከዋክብትን ሲያንጸባርቅ የሚሰጠው ምስል ሌላ ቦታ አይገኝም። ነገር ግን አየሩ ወፍራምና አቧራማ ሲሆን ሙቀቱ ሴንሰሩን ይጎዳል፤ በሴንሰር ውስጥ ከሙቀት የሚመነጨው ዝንፈት (ምስሉ ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እጥፍ ስለሚሆን በ30 ዲግሪ ሌሊት የሚሠራ ካሜራ በዜሮ ዲግሪ ከሚሠራው ወደ 30 እጥፍ የሚጠጋ ዝንፈት ይሸከማል። ስለዚህ አጫጭር ምስሎችን በብዛት ማንሣት፣ ሌንሱን ዘግቶም በተመሳሳይ ጊዜና ሙቀት የጨለማ ምስሎችን ወስዶ ዝንፈቱን መቀነስ ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ካልሆነ አልመክርም። ጨው ለብረት ጠላት ነውና ሲመለሱ ትራይፖዱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ አይዘንጋ።

መሣሪያውን ከቦታው ጋር ማዛመድ

የከዋክብትን ጉዞ የሚከተል ትራከር ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ መመርመር ያለበት የኬክሮስ ማስተካከያው እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ነው። አንዳንዶቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተሠሩ በመሆናቸው ከ10 ዲግሪ በታች አይወርዱም፤ ባሌ ላይ 7 ዲግሪ ያስፈልገናል። የሰሜን ኮከብም በዚያ ዝቅታ በኮረብታ ወይም በጭጋግ ስለሚሰወር፣ መሣሪያውን በኮምፓስና በስልክ ካስተካከሉ በኋላ ጥቂት ምስሎችን እያነሡ ኮከቦቹ ወዴት እንደሚሸሹ አይቶ ማረም የተሻለ ይሆናል። ትራከር የሌለው ሰው 500ን በሌንሱ ሚሊ ሜትር ቢያካፍል የሚያገኘው ቁጥር የሚፈቀድለት ሰከንድ ነው፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ ይሆናል። በአዳዲስ ካሜራዎች ላይ ግን ከዚህም ግማሹን እንዲጠቀም እመክራለሁ፤ ከራሳችን በላይ የሚያልፉት እነ ኦሪዮን በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሆነው የሰማይ መስመር) ላይ ስለሆኑ ከሁሉ ይፈጥናሉና።

ለአንድ ጉዞ ብቻ አቅም ላለው

ጨረቃንና ፕላኔትን የሚወድ ሰው ከቤቱ አይውጣ፤ የጉዞውን ገንዘብ ለተሻለ ቴሌስኮፕ ያውለው። ከቤተሰቡ ጋር ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፍ፣ ወይም የፍኖተ ሐሊብን እምብርት በጥቅምት የሚፈልግ ሰው ላንጋኖን ይምረጥ። የሰሜን ኮከብን ዙሪያ ከገደል ጋር ማንሣት የሚፈልግ ሰው ስሜንን ይያዝ።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ግን መልሴ በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ከአዲስ ጨረቃ ጋር የገጠመ ሌሊት በሳነቴ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጨለማው ሲሞላ ታላቁ የማጄላን ደመና በደቡብ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ ኦሪዮንም ከራስ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ በመጀመሪያ በደመናው ይጀመር፣ እሱ ዝቅ ማለት ሲጀምር ወደ ኦሪዮን ይዙር። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ማረፍና መሞቅ ይቻላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት በደቡብ ምሥራቅ መውጣት ይጀምራል፤ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ባሉት ሁለት ሰዓታት ሰፊ ሌንስ ያለው ሰው ከካሪና ኔቡላ እስከ እምብርቱ ያለውን የፍኖተ ሐሊብ ክፍል በጥቂት ተያያዥ ምስሎች ሊያነሣው ይችላል። መለዋወጫ ባትሪዎቹ ሙሉ ሆነው የሚጠበቁት ለዚህ ሰዓት ነው።